«የእኔ ነው» ያላሉበት ዓርብ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ዛሬ ሸራችሁን አጣጥፋችሁ ከሰኞ ገበያ የወጣችሁ፣ ከኮምቦልቻና ከደጋን ማልዳችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የምንሸኛቸው የወይዘሮ አትጠገብ ሞላልኝ ዜና ሕይወት ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ የሟች በጎ ሥራ ብቻ መነገሩ የተለመደ ቢሆንም፣ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ የቅሬያችንን፣ ማለትም የዕድራችንን ሰዎች አስጠርተው፣ ያፈሩበት ነገር ሳይዘለል በሕዝብ ፊት እንዲነበብላቸው አደራ ብለዋል። የሙት አደራ ነውና ሳይሸራረፍ ቀርቧል።

ወይዘሮ አትጠገብ ከአባታቸው ከአቶ ሞላልኝ አግማስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይታይሽ በ1955 ዓ.ም. ከደጋን ከፍ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአጥቢያው መሪጌታ ዘንድ ሲሆን፣ ከዚያም ደጋን ወርደው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። አብሮ አደጎቻቸው አብዛኞቹ የእስላም ልጆች ስለነበሩ፣ አጥፍተው ሲገኙ «ይቅርታ» ከማለት ይልቅ «አፉ በሉኝ» ማለት ይቀናቸው ነበር፤ ከልጅነት ጀምሮ አንደበታቸው ላይ የኖረችው ይህች ቃል በምትፈለግበት ቀን እንዴት እንደጠፋቻቸው በኋላ እንሰማለን።

በ1977ቱ ድርቅ ቤተሰቡ ሲበተን እሳቸው ኮምቦልቻ ገብተው በሰው ቤት ሥራ ሲተዳደሩ ከቆዩ በኋላ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ኪዳኑ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ስለሺንና ትህትናን ወለዱ። አቶ ኪዳኑ ልጆቹ ገና ሳይጠኑ በሞት ሲለዩአቸው፣ ወይዘሮ አትጠገብ በፋብሪካው በር ላይ ለፈረቃ ሠራተኞች ቅቅል ድንች በዳጣ እየሸጡ የሁለቱንም ልጆች ደብተርና ጫማ አሟሉ። የባለቤታቸው ዘመዶች ግን «የወንድማችን ሚስት መንገድ ላይ ተቀመጠች» እያሉ አንገታቸውን ስላስደፏቸው፣ ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ደሴ ወጥተው ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር የጉልት ንግድ ጀመሩ።

ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሲረቀቅ ልጃቸው ትህትና «በንግድ ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ብላ አስገብታ ነበር። እናትየው ሆስፒታል ሳሉ ሲነበብላቸው «ጉልት በይው፤ እስከ መቃብር ልትደብቂኝ ነው?» ስላሏት ተስተካክሏል። እናም ወይዘሮ አትጠገብ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ ከፍለው መሬት ላይ የሚሸጡ ጉልት ቸርቻሪ ነበሩ። ከእሳቸው ገዝተን ወጣችንን የሠራን፣ ምርቃትም ያስጨመርን ብዙዎች እዚህ ቆመናል፤ ሆኖም በስብሰባ ላይ ስማቸው «ሕገ ወጥ ነጋዴ» ተብሎ ሲጠራ አንዳችንም አፋችንን አልከፈትንም።

ጉልት ያልተቀመጠ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ። ደንብ አስከባሪ መጥቶ «ይህ የማነው?» ሲል ባለቤት ያልተገኘለት ዕቃ ተጭኖ ይሄዳል፤ ቦታውም ክፍት ነው ተብሎ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ጎረቤት ዞር ባለች ጊዜ ከአጠገቧ ያለችው «የእኔ ነው» ትላለች፤ ግልምጫውንም ቅጣቱንም ትቀበላለች። ይህ የተጻፈ ውል የሌለው፣ ሴቶቹ ግን እንደ መሐላ የሚያዩት ነገር ነው። የወይዘሮ አትጠገብ ጎረቤት ከጃማ ንጉሥ መስመር የመጡት ወይዘሮ ሱዓድ ነበሩ። እሑድና በበዓላት ቀን ወይዘሮ አትጠገብ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ሱዓድ የእሳቸውን ይጠብቃሉ፤ ዓርብ ሱዓድ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄዱ ደግሞ አትጠገብ የሱዓድን ይጠብቃሉ፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህች «የእኔ ነው» በምትል ቃል ተደጋግፈው ነው።

በ2008 ዓ.ም. ትህትና ልትታጭ ሽማግሌ በተላከ ሰሞን፣ ለአማቾቹ እናቷ ሱቅ እንዳላቸው ተነግሮ ነበር። በዚያው ሰሞን በአንድ ዓርብ፣ ሱዓድ «አደራ» ብለው ወደ መስጊድ በሄዱበት ሰዓት፣ የሙሽራው አባት በሰኞ ገበያ በኩል ሲያልፉ ወይዘሮ አትጠገብ ከሩቅ አዩአቸው። በድንጋጤ ከመደባቸው ተነሥተው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው እንደ ገዢ ቆሙ። ደንብ አስከባሪዎቹም የደረሱት ያን ጊዜ ነው። «ይህ የማነው?» ተባለ። አማቹ ቆመው ያዩ ነበር። ወይዘሮ አትጠገብ «እኔ እንጃ፣ አላውቅም» አሉ፤ የራሳቸውም የሱዓድም ዕቃ በአንድነት ተጫነ።

የራሳቸውን ቢክዱ የራሳቸው ጉዳይ ነበር። ሱዓድ ግን ከመስጊድ ሲመለሱ ያገኙት ባዶ መሬት ነው፤ «ምነው አቱ፣ የኔ ነው አላልሽም?» ብለው ሲጠይቁ ወይዘሮ አትጠገብ «አፉ በይኝ» ሳይሉ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቦታው ለባጃጅ ማቆሚያ ተሰጠ፤ ሱዓድም ልጆቻቸውን ይዘው ኮምቦልቻ ወርደው፣ ቀድሞ አትጠገብ በነበሩበት የፋብሪካ በር ቅቅል ድንች መሸጥ ጀመሩ። ትህትና በወግ በማዕርግ ተዳረች። እናትየው ግን በልጃቸው ሠርግ ላይ ዘፈን ሲዘፈን ቀና ብለው ማየት እንዳልቻሉ ኋላ ተናግረዋል።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አትጠገብ ሌላ ሰው ሆኑ። ዳር ተቀምጠው ድምፃቸው የማይሰማው ሴት፣ ጉልት ቸርቻሪዎቹን ክርስቲያን እስላም ሳይሉ እንደ ቅሬ አሰባስበው፣ ባለቤቱ ሳይጠራ ዕቃ እንዳይነሣ፣ የታመመችና የወለደች ሴት ቦታ እንዳይነጠቅ፣ የሚነሡም ከሆነ መቀመጫ ሳይሰጣቸው እንዳይነሡ በየቢሮው ደጅ ጠኑ። «ነገ ነይ» ሲባሉ ነገ እየሄዱ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባሉ በሩ ላይ እየተቀመጡ፣ በጦርነቱ ጊዜ የተበተነውን ማኅበር ከጦርነቱ በኋላ እንደ ገና ሰብስበው፣ በመጨረሻ ለጉልት ቸርቻሪዎች የተከለለ መደዳ እንዲፈቀድ አደረጉ። ሴቶቹ ሲያመሰግኗቸው ይቆጡ ነበር፤ ምስጋናው ያቃጥላቸው ነበርና።

በአዲሱ መደዳ ከራሳቸው ጎን አንድ ቦታ በሱዓድ ስም አስፈቀዱ። በየማለዳው ሁለት ሸራ ያነጥፋሉ፤ አንዱ ላይ የራሳቸውን፣ ሁለተኛው ላይ ጥቂት መደብ ቃሪያ ያደርጋሉ፤ «ይህኛው የማነው?» ላላቸው ሁሉ «የሱዓድ ነው» ይላሉ። አንዳንዱ ዛር አለባቸው ብሎ አሽሟጧል። ኮምቦልቻ ድረስም ወርደው፣ ሱዓድን ከሩቅ አይተው፣ «አፉ በይኝ» ለማለት ሳይጠጉ የተመለሱበት ጊዜ ነበር። ደንብ አስከባሪ ያልፈሩት ሴት አንዲት ድንች ሻጭ ፈሩ።

በያዝነው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ልጃቸው ስለሺ ኮምቦልቻ ወርዶ ወይዘሮ ሱዓድን ቢያመጣቸውም፣ የደረሱት ነፍስ ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ፣ የተደረገው ሁሉ ተዘርዝሮ ሲነገራቸው፣ ሱዓድ የዚያን ዓርብ ነገር በዚያው ሳምንት ከገበያ ሰዎች ሰምተው እንደነበር ገለጹ። ከዚያ ሳጥኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ «ወላሂ የዚያኑ ለት አፉ ብዬሽ ነበር። አይንሽን ልይ ብዬ ብጠብቅ፣ አትመጪም አቱ?» ብለው አለቀሱ።

ወይዘሮ አትጠገብ የሁለት ልጆች እናትና የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ከኋላቸው የቀሩት ልጃቸው ስለሺ፣ ልጃቸው ትህትና፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ የመደዳው ጉልት ቸርቻሪዎች በሙሉ፣ በኑዛዜያቸው እንዳዘዙትም «እኅቴ» ያሏቸው ወይዘሮ ሱዓድ ናቸው። ትህትና ዛሬ ጠዋት ከለቅሶው መካከል ተነሥታ፣ በጥቁር ልብሷ ሰኞ ገበያ ወርዳ፣ የእናቷ ቦታ ባዶ እንዳይባል ሁለቱንም ሸራ አንጥፋ መጥታለች።

ቸሩ አምላክ፣ ያፈሩበትን በመሸሸግ ሳይሆን በመናገር ወደ አንተ የመጡትን የእኅታችንን ነፍስ ተቀበል፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለወይዘሮ ሱዓድም የልብ ዕረፍትን ስጥ። በደጅህም «ይህች ነፍስ የማን ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ እሳቸው እንዳሉት «አላውቅም» አትበል፤ አንተው «የእኔ ናት» በልልን። አሜን።