ጋሽ ሊፍት ጠገበ

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ የተከበራችሁ ወዳጆችና ጎረቤቶች፣ ቱታችሁን ሳትቀይሩ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ የሊፍት ድርጅታችን ባልደረቦች፣ እዚያ ዛፉ ሥር ቆማችሁ የምታለቅሱ፣ እኔ ግን በመልክ የማላውቃችሁ ሰዎችም፤ ስለመጣችሁ ብድራችሁን በደስታ ይክፈለን።

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ካላስተካከልኩ እዚህ ቦታ ጠብ ይነሳል።

ሁላችሁም አይታችኋል። ቅድም የሬሳ ሳጥኑ የመቃብር ቦታውን በር አልፎ እንደገባ አንዲት የዚህ አገር ፈረንጅ ሴትዮ ከሰው መሀል ወጣች። ያቻትላችሁ፣ ከኋላ፣ ነጭ ሽርጥ ከካፖርቷ ሥር ብቅ ያለው። ሳጥኑ ጋ ቀረበች። እጇን አሳረፈችበት። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ጠገብክ!» አለችው።

መጀመሪያ የተቆጡት እትዬ ናቸው፣ የሟች ታላቅ እህት።

«ምን አለች ይቺ? ሬሳ ይሰደባል እንዴ? ወንድሜ በየት በኩል ነው የጠገበው? ከሱ በላይ ምስኪን የት አለ!»

ጎረምሶቹ ባይይዟቸው ኖሮ ዛሬ ሁለት ቀብር ነበረን።

እትዬ፣ እባክዎን ዓይንዎን ከሴትዮዋ ላይ ያንሱልኝ። አልሰደበችውም። እንዲያውም እዚህ ከተሰበሰብነው ሁሉ አሳምራ የተሰናበተችው እሷ ናት። እንዴት? እደርስበታለሁ።

ሁለተኛ ነገር። ሚጣም አንድ ጥያቄ ጠይቃኛለች። የሟች አንድዬ ልጅ። እናንተ ሼፍ ትሏታላችሁ፤ ወንበር ለመያዝ ወር ሙሉ ወረፋ የሚጠበቅበት ሬስቶራንት ዋና ሼፍ ናት። ለእኔ ግን ያው ሚጣ ናት። ዛሬ ጠዋት ክራቫቴን እያሰረችልኝ፣

«ጋሼ፣ ዛሬ ስትናገር አንድ ነገር እንድትመልስልኝ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «አባዬ የኔን ምግብ አንድ ቀን ወዶት ያውቃል?»

«ሚጣዬ፣ አሁን የዚህ ጊዜ ነው?»

«ከቀበርነው በኋላ ማንን ልጠይቅ? ደግሞ እንዳትሸነግለኝ።»

ክራቫቴን ይዛለች። እሺ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? እሺ አልኳት። ስለዚህ ሚጣ፣ እነግርሻለሁ። አልሸነግልሽም። ብቻ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ይህ ሰው ማን ነበር? ጋሽ ሊፍት ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ባንክ ቤት ብቻ ነው የሚጠሩት። በዚህ ከተማ ሊፍት ገብታችሁ በሰላም ከወጣችሁ እጁ አለበት። ሌላው ቴክኒሺያን የተበላሸ ሊፍት ሲያገኝ መሣሪያ ነው የሚያወጣው። ጋሽ ሊፍት መጀመሪያ ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፍና «ምን ሆንሽ እናቴ? ማን አስቀየመሽ?» ይላታል። ስቃችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ሊፍቷ ትነግረው ነበር!

እኔና እሱ ሰው አገር የገባነው አንድ ሰሞን ነው። ቋንቋ የለም፣ ዘመድ የለም፣ ወጥ መሥራት የሚችል ወንድ ደግሞ ከመካከላችን አልነበረም። ከወርክሾፑ በር ላይ፣ የባቡር ድልድዩ ሥር፣ አንዲት ኪዮስክ ነበረች። አሁንም አለች። ትኩስ ዳቦ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የተጠበሰ እንቁላልና የተጠበሰ ድንች ይጠቀጠቅበታል፤ ቃሪያ ጣል ይደረግበትና በወረቀት ይጠቀለላል። በቃ። ሌላ ነገር የለም። አስኳሉ በእጅጌያችሁ ውስጥ ወደ ክርናችሁ ሲወርድ ያኔ በላችሁ ይባላል።

ጋሽ ሊፍት መጀመሪያ ቀን በጣቱ አሳይቶ ገዛ። በላ። ከዚያ ቆመ። አልሄድ አለ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ጠገብክ? አላለችኝም እኮ።»

«በምን ቋንቋ ትበልህ?»

«በኛ ነዋ! እኔ በልቼ ጠገብክ ሳልባል ከወጣሁ ያልበላሁ ነው የሚመስለኝ።»

ቆሞ አስተማራት። ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ እያጉረመረመ። «ጠ» በል ብላችሁ አንድ ፈረንጅ ለምናችሁ ታውቃላችሁ? አፏን እንደዚህ አድርጋ፣ ትን እስኪላት ተማረች። በማግስቱ ገና በልቶ አፉን ሲጠርግ «ጠገብክ?» አለችው። እሱም እጁን እያውለበለበ «ጠገብኩ!» ብሏት ሄደ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቃሉን እንጂ ትርጉሙን ማን ነገራት? ሰውዬው በየቀኑ «ጠገብኩ» ይላል፣ እጁን ያውለበልባል፣ ይሄዳል። እሷ ምን ትረዳ? በኛ ቋንቋ «ደህና ሁን» ማለት ነው ብላ ያዘችው! ከዚያ በኋላ ተዉት። ለፖስተኛው «ጠገብክ»። ለሚቀጣት ፖሊስ «ጠገብክ»፤ እሱስ እውነትም ጠግቦ ነበር። የራሷ ልጅ ወደ ሩቅ አገር ለሥራ ሲሄድ፣ ባቡሩ እየተንቀሳቀሰ፣ መሀረቧን እያውለበለበች «ጠገብክ! ጠገብክ!» እያለች ስታለቅስ ባይናችን አይተናል።

«ኧረ አርማት!» አልኩት።

«ለምን?» አለኝ። «ሰው የምትሸኘው ጠግቦ እንዲሄድ ብለህ አይደል?»

እትዬ፣ ገባዎት? ቅድም ሳጥኑ ላይ እጇን አድርጋ «ደህና ሁን» ነው ያለችው። እስቲ አሁን ዞር ይበሉና ፈገግ ይበሉላት። እንደሱ! እግዜር ይስጥልኝ።

እያችሁ፣ ይቺ ቃል ግን ጣጣዋ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ የትልቁ ፎቅ ሊፍት መሀል ላይ ቆሞ የድርጅታችንን ዳይሬክተር እንደ ታሰረ በግ አስጮኸው። ጋሽ ሊፍት አወጣው። ሰውዬው በደስታ ሁለታችንን እላይ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ሬስቶራንት ጋበዘን። ነጭ ጓንት ያደረገ አስተናጋጅ አንድ ሳህን አመጣ። ሳህኑ ድንኳን ያክላል። መሀሉ ላይ አንድ ነገር አለ። ጋሽ ሊፍት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምግብ ነው።»

«የማን?»

«ያንተ።»

«ታዲያ ሌላው የት ሄደ?»

ዝም በል አልኩት። ሁለተኛው ሳህን መጣ፣ ከላዩ አረፋ አለበት። «ሳያለቀልቁት ነው ያመጡት፣ ሳሙናው አለ» አለኝና በናፕኪኑ ሊጠርገው ሲል እጁን ያዝኩት። በኋላ ዳይሬክተሩ ጥሩ ነበር ወይ ሲለው ከወገቡ ዝቅ ብሎ አመሰገነ። ሊፍት ውስጥ እንደገባን ግን የምድር ቤትን ቁልፍ ሦስቴ ደጋግሞ ተጫነ። ከረሃብ!

ከዚያ በቀጥታ ሄዶ ኪዮስኳ ጋ ቆሞ ሲበላ የአገራችን ሰዎች አዩት። ወሬው በማግስቱ ከተማውን ዞረ። «ሰምታችኋል? ዳይሬክተር ጋብዞት ንቆ ወጣ አሉ። ጠግቧል!» ተመልከቱ እንግዲህ። ሳይጠግብ በመውጣቱ ጠገበ ተባለ። ከዚህ የበለጠ ስም ማጥፋት አለ?

እኔም ጠየቅኩት። ለምንድነው ጥሩ ምግብ የማትወደው አልኩት። አሰበ፣ አሰበና፣ «እዚያ ስበላ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም» አለኝ። «እዚህ እጄ ዳቦ ይዟል።»

ሚጣን እናቷ ጥላት ካረፈች በኋላ በዚሁ ዳቦና እንቁላል ነው ያሳደጋት። ሌላ ምን ያውቃል? ይቺ ልጅ ሼፍ የሆነችው በበቀል ነው የሚል ሐሜት አለ። እኔ አላወራሁም፤ የሰማሁትን ነው።

የሬስቶራንቷ ምርቃት ምሳ ላይ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ መጣ። የቀረበለትን ሁሉ በላ። ለጌጥ የተቀመጠችውን ቅጠል በላ። ቅጠሏ ሥር የነበረችውን ጠጠር መሳይ ነገር ሊበላ ሲል አስተናጋጁ ነው የደረሰለት። ሚጣ ከወጥ ቤት ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ጠገብክ አባዬ?»

«ምን ማለትሽ ነው! እስከዚህ ድረስ!» አለ፣ ጉሮሮውን እያሳየ።

ወዲያው ተያይዘን የት ሄድን? አትንገሩኝ፣ አውቃችኋል። ክራቫቱን አስኳል እንዳይነካው ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዳቦውን ለመግመጥ አፉን እንደከፈተ፣ ከኋላችን አንዲት የሼፍ ልብስ የለበሰች ልጅ እያለከለከች መጣችና «ቶሎ በይ፣ አንድ በድርብ እንቁላል!» አለች።

ተያዩ።

«አባዬ?»

«ሚጣ?»

«ጠግቤያለሁ አላልከኝም?»

«አንቺስ? ያን ሁሉ ምግብ ትተሽ?»

«እኔማ ሽታው ዘጋኝ! ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም!»

የኪዮስኳ ሴትዮ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። ሊሄዱ መስሏት ነው መሰለኝ፣ «ጠገብክ!» አለቻቸው። መሬት ላይ ወደቅን፣ በሳቅ። ግን ሚጣ ከሁላችን ቀድማ ሳቋን አቆመች። አይቻታለሁ። የዛሬ ጠዋቷ ጥያቄ ያኔ ነው የተወለደችው።

እንግዲህ ሚጣ፣ መልሱ።

አልወደደውም።

እትዬ፣ አይቆጡ፤ አትሸንግለኝ ብላኛለች። አንድም ቀን አልወደደውም። ሾርባሽን «ቀለሙ ያምራል» ይል ነበር። ሰው ሾርባን በቀለሙ ካመሰገነ ነገሩ አልቋል።

ግን ያቺን ትንሿን ሊፍትሽን ታስታውሻለሽ? ለማታውቁ፣ የሚጣ ወጥ ቤት ምድር ቤት ነው፣ የሚበላው ደግሞ ላይ ነው። ምግቡን የምታወጣ ቁም ሳጥን የምታክል ሊፍት አለች። አሮጊት ናት፣ ስትቆም ትንገጫገጫለች። «አባዬ፣ ሾርባዬ እላይ ሲደርስ ግማሹ ትሪው ላይ ነው» ብለሽ አንድ ቀን አማረርሽ። እሱም «አይ እንግዲህ» ብሎ አለፈው። ከዚያ በኋላ ሊፍቷ በራሷ ጊዜ ተሻላት። ድርጅቱ ሰው ልኮ አሠራው ብለሽ አመሰገንሽን። አበባም ልከሽልናል፤ ተቀብለናል።

ድርጅቱ ማንንም አልላከም ሚጣ። ሰኞ ሰኞ ሬስቶራንትሽ ዝግ ነው። ሰኞ ሰኞ አባትሽ ከሕንጻው ጠባቂ ቁልፍ ይቀበላል፣ እኔን ባትሪ አብራልኝ ብሎ ይጎትተኛል። አንድ ብርጭቆ ሻይ እስከ አፉ ይሞላል። ሊፍቷ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሊፍቷን ቁልፍ ይጫንና በዚያ በሚያመው ጉልበቱ፣ በደረጃ እየሮጠ፣ ቀድሟት ላይ ይደርሳል። በሩን ይከፍታል። ወለሉን በጣቱ ይዳስሳል። «ፈሷል» ይላል። ይወርዳል። ፍሬኑን ያላላል፣ ገመዱን ያጠብቃል። እንደገና ሻይ። እንደገና ደረጃ። «ፈሷል።»

እኔ አንገፈገፈኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው የሚጫንበትን ሊፍት እንኳን እንዲህ አድርገህ አታውቅም!»

ምን አለኝ መሰላችሁ?

«ሰው ቢንገጫገጭ ግድግዳ ይይዛል። የሷ ሾርባ ምን ይይዛል?»

አንድ ሰኞ ላይ በሩን ከፈተ። ዳሰሰ። ደረቅ ነው። ብርጭቆው እስከ አፉ እንደሞላ ነው። ያን የቀዘቀዘ ሻይ አንስቶ እዚያው ቆሞ አንጀቱ እስኪርስ ጠጣው። አፉን በእጅጌው ጠረገ። «ጠገብኩ» አለ። በሬስቶራንትሽ ውስጥ ከልቡ ጠገብኩ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ለምን አትነግራትም አልኩት። «ካወቀች ሾርባውን ቅመስ ትለኛለች» አለኝ።

ከተሻላትም በኋላ አንድ ሰኞ ቀርቶ አያውቅም፤ አልጋ እስከያዘበት ድረስ። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ «ጋሼ፣ ሊፍቷ እንደገና ጎንተል ጎንተል ማለት ጀምራለች፣ እንዳትረሳ ለቢሮ ንገርልኝ» አልሽኝ። እሺ ብዬሽ ፊቴን አዞርኩ። አሁን ለምን እንደዞርኩ ገባሽ። ለቢሮ አልነግርም። ሰኞ እኔ እመጣለሁ። ሻዩን ግን አንቺ አፍዪልኝ።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ስንወጣ ሚጣ ያዘጋጀችው ምሳ ይጠብቀናል። ማንም እንዳይቀር። የቀረበላችሁን ሁሉ ብሉ፣ ቅጠሏንም ጭምር። አረፋውን አትጥረጉ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም፣ ከነ ሚጣ፣ ከነ እትዬ፣ ድልድዩ ሥር እንወርዳለን። ሴትዮዋ እንቁላሉን ከጠዋት አዘጋጅታለች።

ጋሽ ሊፍት። ወንድሜ። እድሜ ጠገብክ እንዳልል ገና ነበርክ። ሀብት ጠገብክ እንዳልል ይታወቃል። አሁን የሳጥኑን ገመድ የያዙት ልጆች ያንተው የወርክሾፕ ልጆች ናቸው፣ ገመድ አያያዝ ያስተማርካቸው። ልጆች፣ እኩል ልቀቁ። አትቸኩሉ። ሳጥኑ ላይ እስከ አፉ የሞላ ሻይ እንዳለ ቁጠሩት።

እንደሱ። እንደሱ። ጠብታ አልፈሰሰም፣ ወንድሜ።

እትዬ፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ሁላችንም እንከተላለን፤ ያቺ ከኋላ ያለችውም ይቺን ታውቃታለች።

ጠገብክ!