ሰባት በርን ብቻውን የሠራው ልጅ

«ይግቡ፣ ይግቡ እትዬ ሸዋረገጥ፣ በር ላይ አይቁሙ፣ ዝናቡ ይመታዎታል… ምን ዓይነት ዝናብ ነው ማሎ! ዘንድሮ የጅማን ሰማይ የሚዘጋው ሰው ጠፋ። የቡ ገጠር ያለው ቡናዎ እንዴት ነው? ደህና አበበ? አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን። ይቀመጡ። መብራቱ ገና አሁን መምጣቱ ነው፤ ፎቶ ኮፒው እስኪሞቅ ትንሽ እንጫወታለን። መቼም እኔ ወሬ ካገኘሁ ማሽኑ ሞቀ ቀዘቀዘ ግድ የለኝም።»

ይህን የምትለው ማሂራ ናት፤ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ያለችው ጠባብ ኢንተርኔት ቤት ባለቤት። እትዬ ሸዋረገጥ መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡ የሰፈር አሮጊት ናቸው። መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለመጡ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ስለዚህ ከጀርባቸው፣ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ የተቀመጠው ወጣት የማሂራ የልጅነት ጓደኛ ፍሬዘር መሆኑን አላወቁም።

ማሂራ ግን አውቃለች። ገና ሲገባ ዓይኗ ዓይኑ ላይ አርፎ ነበር። «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ፣ የትኛው ላይ ይቀመጣሉ?» አለችው። ፍሬዘር ከአዲስ አበባ ሲነሳ ስድብ ጠብቆ፣ ለስድብም መልስ አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ከልጅነቱ ጀምሮ «አንተ ዝንጀሮ» ስትለው የኖረች ጓደኛው «እርስዎ» ትለኛለች ብሎ ግን አላሰበም። ሹልክ ብሎ ጥጉን ያዘ።

«እነዚህ ልጆች ምን ላይ ነው እንዲህ ያፈጠጡት ይሉ ይሆናል። ጌም ነው፤ ሰባት በር እንለዋለን። የፈረንጅ ስሙማ ጥርስ ይሰብራል! ሰው ሁሉ ከያለበት ሆኖ አንድ ላይ ነው የሚጫወተው። የአጋሮው ልጅና የአሰንዳቦው ልጅ እዚያች ከተማ ውስጥ ይገናኛሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ፈጣሪው ኩባንያ ግን አረጀ ብሎ ከዘጋው ቆይቷል። አሁን በሕይወት የሚያቆዩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ደመወዝ የለ፣ አበል የለ፣ እንዲሁ በፍቅር። ብራዚል አንድ ልጅ አለ። ፖላንድ አንድ አለ። ጅማ ደግሞ… ጅማም አንድ አለ። አንድ ብቻ! እኔ እኮ ብዙ የነበርን መስሎኝ ነበር። ቴሌቪዥን ባላይ ኖሮ እንደተሳሳትኩ እሞት ነበር፣ ወላሂ።»

ፍሬዘር ኮፍያውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበ።

ያን ቀን ያስታውሳል። አዲስ አበባ ላይ የወጣት ፈጣሪዎች ውድድር ነበር፣ እሱም ጅማ ላይ የታደሰውን ሰባት በር አቅርቦ አሸነፈ፣ ጋዜጠኛዋም ማይኩን አስጠግታ «ከማን ጋር ሠራኸው?» ብላ ጠየቀችው። «ብቻዬን» አላት። አንዲት ቃል ናት። ውድድሩ የሚቀበለው በግል የሚቀርበውን ብቻ ስለሆነ ነው፣ አብረውኝ ለሠሩት ልጆች በኋላ አስረዳቸዋለሁ ብሎ ነበር ለራሱ። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ቢሮ መጣ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ መጣ። በኋላ የሚባለው ቀን ብቻ ሳይመጣ ቀረ።

«ደግሞ እንዴት ያለ ትሑት ልጅ መሰለዎት! እኛን በሰው ፊት እንዳናፍር ብሎ ስማችንን አላነሳም። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ? እንግዲህ እኛን በወርቅ አንቆጠቆጠን። ኡመይርን ያውቁታል አይደል፣ ከሱ ጋር ዩኒቨርሲቲ አብሮ የተማረውን? ሁለት ክረምት እዚህ ወንበር ላይ ተጎልቶ ከረመ። እኔ ሞኟ ኮድ የሚጽፍ መስሎኝ ሻይ አመላልስለታለሁ። ለካ ወንበር ሊያሞቅ ኖሯል! እኔም የጌሙን ቃል ሁሉ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ የመለስኩ መስሎኝ ነበር… ሕልም ነው። አንዳንድ ሕልም ግን ጣት ያሳብጣል እትዬ። ሙሐዲን ከአጋሮ፣ ጀቤሳ ከየቡ እየመጡ ምን ሲሠሩ እንደነበር እንጃ። ሽርሽር ይሆናላ! መንግሥት አንድ ለአምስት ተደራጁ ይላል፤ እኛ ሳናውቀው አምስት ለአንድ ተደራጅተን ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? እውነት ነው። ድሩ አበረ፣ አንበሳው ታሰረ… ፎቶ የተነሳው ግን አንድ ክር ነው። ምን ይደረግ፣ ካሜራው ጠባብ ይሆናል።»

እትዬ ሸዋረገጥ ነገሩ ባይገባቸውም ድምፅዋ ጣፋጭ ስለሆነ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከተጫዋቾቹ አንዱ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አንሸራተተ። ሌላውም ተከተለው።

«ጥንቁቅነቱን ደግሞ ልንገርዎት። ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የጌሙን ቁልፍ፣ ፓስዎርዱን ማለቴ ነው፣ ለውጦ ነው የሄደው። ሌባ ፈርቶ! ብልህ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ይባል ነበር ድሮ። አሁን ዘመን ሠልጥኗል፣ ያልሰጡትንም ይዞ ይስቃል። በማግስቱ የጅማ ልጅ፣ የአጋሮ ልጅ፣ ሁሉም በር ላይ ቀረ። ሰባት በር ነው፣ ሰባቱም ተቆለፈ። አሰንዳቦ ቲጃኒ የሚባል ልጅ አለን፤ መኪና ከገጨው ወዲህ ከአልጋ አይወርድም። እግሩ ባይታዘዘውም ጌሙ ውስጥ ፈረስ ነበረው፤ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ግራጫ ፈረስ። ደወለልኝ። ‹ማሂራ፣ ፈረሴ ውስጥ ቀረ፣ ማን ይቀልበዋል?› አለኝ። አይዞህ አልኩት። አዲሱ ባለቤት ቸር ነው፣ ይቀልብልሃል…»

እዚህ ላይ የማሽኑን መብራት ለማየት ጎንበስ አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማል።

ፍሬዘር ተነስቶ ሊወጣ ወንበሩን ገፋ፤ መልሶ ተቀመጠ። ቲጃኒን ኪቦርድ ያስለመደው እሱ ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ የልጁ እናት ያቀረቡለትን በቆሎ እየጠረጠረ፣ ፈረስ እንዴት እንደሚገራ ያሳየው እሱ ነው። ፓስዎርዱን ሲለውጥ ስለ ቀጠረው ኩባንያ፣ ስለ ውሉ፣ ስለ አለቃው ብዙ አስቦ ነበር። ፈረሱ ግን ትዝ ብሎት አያውቅም።

«አይዘኑ እትዬ፣ አላህ አለ! ኡመይር አንድ አሮጌ ቅጂ ነበረችው፣ ከሷ ተነስቶ ሰባት በርን እንደገና አቆማት። ቅጂዋ የድሮ ስለሆነች ፈረሱ ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ውርንጭላ! ቲጃኒ ሳቀ፣ ሳቀና እንደገና ማሳደግ ጀመረ። እንዲህ ነው። ሰው ሲሄድብህ አንዳንዴ ከውርንጭላ ትጀምራለህ።

«አንድ ነገር ልጨምርልዎት፣ ማሽኑ መሞቁ ነው። የአገራችንን የኢንተርኔት መስመር ያውቁታል፣ እንደ እንግዳ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ድሮ መስመር ሲቆረጥ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ተገትሮ ይቀርና ሽፍታ ይገድለው ነበር። ታዲያ ያ አንድ ልጅ ምን አሰበ መሰለዎት? ብቻውን ነው ያሰበው መቼም… መስመር ሲሄድ ሰውየው ዋርካ ሥር ሄዶ ቁጭ ይላል። ማንም አይነካውም። መስመሩ ሲመለስ ብድግ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የፖላንዱ ልጅ ይህን ሲያይ ‹እናንተ አገር ዛፍ እንዲህ ይከበራል ወይ?› ብሎ ጻፈልን። አዎ አልነው። ዛፍማ ይከበራል። የተከለው ሰው ነው እንጂ…»

ዋርካውን ያሰበው ኡመይር ነበር። ያኔ ፍሬዘር «ዛፍ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ስቆበት ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ግን ሰው ሁሉ የወደደው ያንኑ ዋርካ ሆነ። አሁንም ወደ ጅማ የጎተተው እሱው ነው። የቀጠረው ኩባንያ ጌሙን ወደ ሌላ ማሽን ካዛወረው ወዲህ ዋርካው ተበላሽቷል። ሥሩ የተቀመጠ ሁሉ እንደተቀመጠ ይቀራል። ሰኞ ደግሞ በእንግዶች ፊት ማሳየት አለበት። ኮዱን ከፍቶ አይቶታል፤ የሌላ ሰው ልብ ውስጥ የመግባት ያህል ሆነበት። ለኡመይር ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳም። ማሂራን ልለምናት ብሎ መጣ፣ እሷ ደግሞ «ጌታዬ» አለችው።

«ሰሞኑን ምን ሰማሁ… አዲስ አበባ ላይ ዋርካው ታሟል አሉ! የተቀመጠ አይነሳም። ወይ ጉድ። እኔ ግን ምንም አልሰጋሁም። ብቻውን የተከለ ሰው ሥሩ የት እንደሆነ ይጠፋዋል? ከራሱ ጋር ስብሰባ ተቀምጦ፣ ራሱን ጠይቆ፣ ለራሱ ይነግረዋላ! የኡመይር ስልክ ደግሞ ሰሞኑን ይጮሃል፣ ይጮሃል። ማነው ስለው ‹የተሳሳተ ቁጥር› ይለኛል። ምስኪን… ድሮ እኮ ትክክለኛ ቁጥር ነበር።

«እኛማ ምስጢር መያዝ አናውቅበትም፣ የገጠር ሰዎች ነን። ኡመይር የዋርካውን መድኃኒት ሠርቶ ለዓለም ሁሉ ለቆታል። የብራዚሉም ወስዷል፣ የፖላንዱም ወስዷል። የፈለገ ሰው አሁን እዚህ ቁጭ ብሎም ሊያወርደው ይችላል፣ ማን ነህ የሚለው የለም። ልመና አያስፈልግም፣ ምልጃ አያስፈልግም፣ ኮፍያም አያስፈልግም… ለዝናቡ ካልሆነ ማለቴ ነው። ደንቡ አንዲት ናት፤ የሠሩትን ሰዎች ስም አትፋቅ። ይኸው ነው። ለብዙ ሰው ቀላል ናት። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን… እንጃ፣ ትከብድ ይሆን?»

ማሽኑ መሞቁን የምትናገረው አረንጓዴ መብራት በራች። ማሂራ ተነስታ መታወቂያውን ማገላበጥ ጀመረች። ፍሬዘር ጀርባዋን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። የበጎ ፈቃደኞቹን ገጽ ከፈተ። የኡመይር ሥራ እውነትም እዚያው በግላጭ ተቀምጦ ነበር። አወረደው። ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው የሠሪዎቹ ስም ነው፤ ሙሐዲን፣ ማሂራ፣ ኡመይር፣ ጀቤሳ… በፊደል ተራ ነው የተጻፈው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ፍሬዘር» ይላል።

አልፋቁትም። አስበልጠውም አሳንሰውም አልጻፉትም፤ ፊደሉ ባደረሰው ቦታ ብቻ አስቀመጡት። ጠፍቶ ቢያገኘው ይቆጣ ነበር፣ በቁጣውም ይጽናና ነበር። አሁን በምን ይቆጣ? ፋይሉን አንዲት ፊደል ሳይነካ ፍላሹ ላይ ገለበጠ። ሰኞ ያ ገጽ በትልቁ ግድግዳ ላይ ይበራል፤ አለቃው ይቆጣ፣ ሥራውም ይቅር፣ በሕዝብ ፊት አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ አለ በልቡ።

ይህንኑ ሊነግራት ተነስቶ ወደ እሷ ሄደ። ልጆቹ ሁሉ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ አውርደው ያዩታል። «ማሂ…» አለ፤ ድሮ እንደሚጠራት። ሐሳቡን ሳይጨርስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ብሩን ከኪሱ ሲያወጣ ማሂራ ቀና ሳትል በእጇ መለሰችው፤ ወረቀቱን እያስተካከለች፣ ፊቷን ወደ አሮጊቷ አድርጋ፣ በዚያው ማር በሆነ ድምፅዋ ወሬዋን ቀጠለች። ፍሬዘር ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወደ በሩ አመራ።

«ይኸው ኮፒዎ፣ ጥርት ብሎ ወጣልዎ። ብሩን ይተዉት፣ ዛሬ እንግዳ ያለበት ቀን ነው… ደግሞ ልጁን ያማሁት እንዳይመስልዎት እትዬ፣ ሐሜት ሐራም ነው። እኔ ሁልጊዜ ዱዓ ነው የማደርግለት። እርስዎም እንደ እምነትዎ አሜን ይበሉ፤ የእናት አፍ ይሰማል። አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። የነካው ሁሉ ይለምልምለት። ከፍ ከፍ ይበል፣ ስሙ ከአገር አገር ይጠራ። ምናልባት ደግሞ አንድ ቀን ቢቸግረው፣ ሰው ቢከዳው፣ ዞር ብሎ የሚያየው ቢያጣ… አላህ ልክ እንደ ራሱ ያለ ጓደኛ ይስጠው።»