ይሉኝታ ሳንባ አይሞላም

ወደ ውሃ መቅጃው የሚወስደው መተላለፊያ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አልተሠራም። ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ጀርባውን ከግድግዳ ለጥፎ፣ ሆዱን ስቦ ሌላውን ያሳልፋል። ማን ለማን እንደሚለጠፍ በዚያች የጠፈር መርከብ ላይ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ታናሽ ለታላቅ ይለጠፋል፣ አለቀ።

ያን ዕለት ጋሼ ጠጋኙ ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ሲገቡ፣ አዛዧ የሞላ ጀሪካኗን ይዛ ስትወጣ መሐል ላይ ግጥም አሉ። እሷ በዕድሜ ልጃቸው ናት፣ በሥልጣን ግን አለቃቸው። ለዕድሜያቸው ብላ ከግድግዳው ተለጠፈች። እሳቸውም ለሥልጣኗ ብለው፣ በእልህ ነው እንጂ በአክብሮትስ አይደለም፣ ከወዲያኛው ግድግዳ ተለጠፉ። መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶ የሚያልፍበት ሰው ጠፋ።

«ይለፉ እንጂ ጋሼ።»

«ኧረ እርስዎ ይለፉ፣ አዛዥ ሆይ። እኛ ምናችን ነን።»

«እርስዎ» ያሏት ያሳደጓትን ልጅ ነው። የሚስታቸው የእህት ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት እነሱ ጋ ገብታ፣ የወተት ጥርሷን እዚያው ነቅላ ያደገች። ባሳደገ ሰው አፍ አንቱ መባል ከጥፊ ይብሳል፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጠቡ እንዲህ ነው። ጋሼ ጠጋኙ የመርከቧን ቆዳ ከውጭ የሚበይዱ ሰው ናቸው። ሰሞኑን በዕድሜ እሳቸውን የሚያህል አንድ የመብራት ሠራተኛ ለሥራ ሲወጣ የአንገቱ መቆለፊያ ከኋላ በኩል በደንብ አልገባም ነበር። ረዳቱ አይቷል። አይቶ ግን ዝም አለ። ታላቅን ሰው «ልብስዎ አልተዘጋም» ማለት ነውር መስሎት ነው። አየሩ ከልብሱ እያፈተለከ ወጣ። በገመዱ ጎትተው አስገቡትና ነፍሱ ተረፈች። ሳንባው ግን ተጎዳ፤ ይኸው ሕክምና ክፍል ተኝቶ እንደ አሮጌ ወናፍ ይተነፍሳል። አዛዧም ትእዛዝ አወጣች፤ ከእንግዲህ ማንም ይሁን ማን፣ ሌላ ሰው አንገቱን ዙሪያውን በእጁ ሳይፈትሸው ከመውጫው በር አያልፍም።

ሁሉም እሺ አለ። ጋሼ ጠጋኙ ብቻ ተነሥተው፣ የማንም እጅ ማጅራቴን አይዳብስም አሉ። እሷም እዚያው ሰው ፊት፣ እንግዲያው አይወጡም አለቻቸው። በማግስቱ የመርከቧ ሙቀት ማስወጫ ክንፍ ተሰነጠቀ። ነገ የሚወጣው ተማሪያቸው ነው ተባለ። የብየዳ መሣሪያቸውም ወደ እሱ ሊዛወር ነው።

መሣሪያውን መስጠት አይደለም ያንገበገባቸው። ውጭውን ማጣት ነው። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ሳህን የምታህል መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል መርከቧ የምትጠጋው ነገር ይታያል። የተማሩት ደመና ይሉታል። ደመና ግን ይዘንባል፣ ይበተናል። ይኼ እንደ ፍም የቀላ፣ ጠርዙ እንደ ወርቅ ክር የሚያበራ፣ ውስጡ ገና ዓይናቸውን የገለጡ ከዋክብት ያሉበት ነው። በዚያች መስኮት ያየው ሰው አፉን ይይዛል። ጋሼ ጠጋኙ ግን ያለ መስኮት የሚያዩ ሰው ናቸው፤ ገመዳቸው ላይ ተንጠልጥለው፣ ከላይም ከታችም ምንም ሳይኖር። እዚያ ሲሆኑ ጸሎት እንኳ ይጠፋቸዋል። ያንን ነው ልትወስድባቸው ያለችው።

አዛዧ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ እዚሁ እንነጋገር አለች። እሳቸው መጀመሪያ አሽሟጠጡ፤ ትእዛዝ እንጂ ንግግር የሚወዱ አልመሰለኝም አሉ። ቀጥለው ግን የልባቸውን አወጡት።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ዛሬ ማጅራቴን የነካ ነገ ዝም በል ይለኛል። ከነገ ወዲያ ወንበሬን ይወስዳል። መርከብ በብረት ብቻ የሚሄድ መሰለሽ? በመከባበር ነው የሚሄደው።»

ንዴቱ ሲገፋ «እርስዎ» መቅረቱን ራሳቸውም አላስተዋሉም። እሷ አስተውላለች።

«እውነት ነው ጋሼ፣ ያለ መከባበር አይሄድም። ግን ያ ረዳት ሊገድለው የነበረው አክብሮት ነው።»

«ጅል ስለሆነ ነዋ። አፍ የለውም?»

«አፉን ማን ዘጋው? ታላቅ ሲለብስ ፊትህን አዙር፣ ታላቅ ሲሳሳት ወለሉን እይ እያልን ያሳደግነው እኛው ነን። አሁን ሰውየው ከወደቀ በኋላ ለምን አልተናገርክም ብንለው ያምርብናል? ይሉኝታ ሳንባ አይሞላም ጋሼ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። እውነት ሲነገራቸው ጢማቸውን ያሻሻሉ፤ ሚስታቸውም ይህን ታውቅባቸው ነበር። በዚህ ግን አልተረቱም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ፤ ዝርክርኩን መከራው ያስተምረው፣ እኔን ለምን ታነካኪኛለሽ አሏት። እሷም መከራ እዚህ አገር መካሪ እንደማይሆን ነገረቻቸው። መሬት ላይ የወደቀ ተነሥቶ ሁለተኛ ይጠነቀቃል፤ እዚህ ግን መከራው ሲመክር ተመካሪው የለም።

ያን ጊዜ የመጨረሻውን ጥይታቸውን ተኮሱ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ሳይፈትሸኝ ወጥቼ ገብቻለሁ።»

 አዛዧ ብትናገረው የሚከፋቸው፣ ባትናገረው የሚጎዳቸው ነገር አላት።

«አልነበረም ጋሼ። እቴቴ ትፈትሽዎት ነበር።»

እቴቴ የምትላት ሟች ሚስታቸውን ነው። የመርከቧ የጠፈር ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ በወጣ ቁጥር እስከ መውጫው ክፍል ትሸኘዋለች፤ አንገቱን በሁለት እጇ ታቅፈዋለች፤ መዳፏን ወደ ኋላ አዙራ ማጅራቱን መታ መታ ታደርገዋለች። እሳቸው ያፍሩ ነበር፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ያያል» ይሏት ነበር። የሚያየው ሰው ሁሉ እንዴት ይዋደዳሉ እያለ ይስቅ ነበር።

«አንድ ቀን ጠየቅኳት» አለች አዛዧ። «ለምንድነው ሁልጊዜ አንገቱን የምታቅፊው አልኳት። መቆለፊያውን እያየሁ ነው አለችኝ። ለምን አትነግሪውም ስላት፣ ብነግረው እምቢ ይላል፣ ስለዚህ አቅፈዋለሁ አለችኝ።»

ጋሼ ጠጋኙ ሊስቁ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። አንድ ጊዜ፣ ለመውጣት ሲቸኩሉ፣ እንደ ወትሮው አቀፈቻቸውና ቶሎ አልለቀቀችም። ክር ወጥቶብሃል ቆይ ብላ በአውራ ጣቷ ማጅራታቸው ላይ ጫን አደረገች። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰሙ። ክር ደግሞ ቀጭ አይልም።

ባዶውን ጀሪካን ደፍተው ተቀመጡበት። ያን ቀን ስንት ሰዓት ውጭ እንደቆዩ፣ እንዴት እያፏጩ እንደበየዱ አሰቡ። እሷ ከሞተች በኋላም ስንቴ በደነዘዘ ጣታቸው ወደ ኋላ ዳብሰው፣ ደህና ነው ብለው እንደወጡ አሰቡ። 

«ተንኮለኛ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ ፍቅር መስሎኝ።»

«ፍቅርም ነበር ጋሼ። ማን ለይቶት?»

 እልኸኛ ሰው ሲረታ ቢያንስ አንድ በር ይተዉለታል፤ ይህን የሚያውቅ አለቃ ጥሩ አለቃ ነው። እሷም አላጣደፈችም። በመጨረሻ፣ አንቺንስ ማን ይፈትሽሻል ሲሉ ጠየቁ። በቅርብ የተገኘ ሁሉ እንደሚፈትሻት፣ ባለፈው ወጥ ቤቷ ፈትሻት አንገቷ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ሲል እንደዋለ ነገረቻቸው። ከዚያ ሌላውን ሕጓን ጨመረች።

«በሩ ከመከፈቱ በፊት ማንም አፍ አለው፤ ተሳስተሻል የሚለኝ ካለ እሰማለሁ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን አንድ ሰው ያዛል፣ ሌላው ይታዘዛል። ክርክሩን ውስጥ እንጨርሰው ነው የምለው።»

«ይኼኛው ደግ ነው» አሉ ተነሥተው። «እንግዲህ እምቢ ያልኩሽ ሰው ፊት ነው፤ እሺ የምልሽም ሰው ፊት ይሁን።»

በነጋታው መውጫው ክፍል በሰው ተሞላ፤ ግማሹ ሥራ ስላለው፣ ግማሹ ወሬ እንዳያመልጠው። ሽማግሌው ልብሳቸውን ለበሱና ማንም ሳይጠይቃቸው ጎንበስ ብለው አንገታቸውን ለወጥ ቤቷ ሰጡ። ወጥ ቤቷ ዙሪያውን ዳብሳ ስታበቃ፣ ጋሼ ይኼን አንገት ያገዘፈው የኔ ወጥ ነው አለች፤ ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ቀጥለው አብራቸው የምትወጣውን የአዛዧን አንገት ራሳቸው ፈተሹ። መቆለፊያው ደህና ነው። ከአንገቷ ሥር ግን ደም ሥሯ እንደ ተያዘ ወፍ ሲመታ በጣታቸው አገኙት። ሰው ፊት እንዲያ ቆርጣ የተናገረችው ልጅ ለካ ፈርታ ነበር፤ ስለ እሳቸው ነበር የፈራችው።  ትከሻዋን ብቻ ጨበጥ አደረጉ።

በተማሪያቸው ፈንታ ሁለቱ ወጡ። ስንጥቁ ተበየደ። ያን ጊዜ መርከቧ ወደ ደመናው ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ቀይ ብርሃኑ ክንፉን፣ ገመዱን፣ ጓንታቸውን ሁሉ እንደ ጎህ አለበሰው። ከሩቅ፣ ከደመናው ውስጥ አንዲት ኮከብ አቧራዋን እየገፈፈች ስትወጣ አዩ። አዲስ የተወለደ ነገር ያለ ድምፅ ሲያበራ ማየት ልብን ያንበረክካል። የሰው ልጅ ምን ያህል ትንሽ፣ አንገቱም ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ እዚያ ነው የሚታየው።

«አዛዥ» አሉ በሬዲዮው። «ከፈቀድሽ ጥቂት ልቆይ።»

ፈቃድ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው። እሷም ጥቂት አብረን እንቆይ አለቻቸው፤ ተመለሱ ስትላቸውም አንድ ቃል ሳይመልሱ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች መርከብ የታላቅ ክብር አልቀነሰም፤ መተላለፊያው ላይ ዛሬም ታናሽ ይለጠፋል። የተለወጠው ሌላ ነው። ያ በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ የሰነበተው ረዳት አፉን ከፍቶ፣ አለቃው የረሳውን የጋለ ሽቦ አሳይቶ መኝታ ክፍሎቹን ከእሳት አዳነ። አንገት የሚፈትሽ እጅ ትኩሳት ያለበትን፣ እንቅልፍ አጥቶ ያደረውን፣ ያዘነውን ሰው ሁሉ ሳይወጣ ይለያል። አዛዧም ስሕተቷን ከሰው አፍ ስለምትሰማ ትእዛዟ ጠነከረ እንጂ አልላላም። ሰውን መፈተሽ አለማመን ነው የሚል ካለ፣ ማጅራቱን ያለ ሰው እርዳታ አይቶ ይምጣና ያን ጊዜ ይከራከር።