ሲስተሯ «ኪሩብ» ያለቻት ልጄ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የስድስት ወር ልጄ ትኩሳት ጠንቶባት ከወልቂጤ እምድብር ክሊኒክ ወሰድኳት። አንዲት ፈረንጅ ሲስተር ተቀብላኝ ወደ ውስጥ ይዛት ገባች። ብዙ ቆይታ ብቻዋን ወጣችና ፈገግ ብላ፣ በተሰባበረ አማርኛ «ልጅሽ ኪሩብ ናት» አለችኝ። እኔ የማውቀው ኪሩብ የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከመውን ባለ አራት ፊት መልአክ ነው። ልጄ ሞታ ወደ መላእክቱ ሄደች ያለችኝ መሰለኝ። እሪ ብዬ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ሞት እየነገረች የምትስቅ?

ከፈረንጆቹ ጋር የሚሠራው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ ጩኸቴን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «ኧረ እህቴ፣ ልጅሽ ደኅና ናት፣ ተኝታ ነው። ቃሉ ከዕብራይስጥ የመጣው ያው የእኛው ኪሩብ ነው። በእነሱ አገር ግን ሠዓሊዎቹ ክንፍ ያለው ድንቡሽቡሽ ሕፃን አድርገው ሣሉት፤ ከዚያ ወዲህ የሚያምር ልጅ ሲያዩ ኪሩብ ይላሉ» አለኝ።

ሲስተሯ ነገሩ ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። ልጄን አምጥታ አስታቀፈችኝ፤ ትኩሳቷ በርዷል።

«ሲስተር፣ ከእንግዲህ ለእናት ‹ደኅና ናት› ይበሉ፤ እሱ ይበቃል» አልኳት።

አፏን በእጇ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ወልቂጤ እስክገባ ድረስ የልጄን ትንፋሽ ደጋግሜ አዳመጥኩ።