ሁለት ሟች፣ አንድ ፋይል

(አዳማ፣ የወይዘሮ ይመናሹ ሳሎን። ባላቸው ጋሽ ንጋቱ ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት ሆኗል፤ የእድሩ የሞት መልእክት ከጥሩምባ ወጥቶ በስልክ እንዲላክ ያደረገው ጎረቤታቸው ሱራፌል ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይለማመጣቸዋል።)

ሱራፌል፦ አንዲት ቃል ብቻ ነው እትዬ ይመናሹ። እሑድ ስብሰባው ላይ «የኮምፒውተር ስህተት ነው፣ ተቀብያለሁ» ይበሉልኝ፤ በቃ።

ይመናሹ፦ እሑድማ የምመጣው መውጣቴን ልነግራቸው ነው። ባሌን ሜዳ ላይ የጣለ እድር እኔን ሊቀብረኝ ነው?

ሱራፌል፦ ኧረ በእመቤቴ፣ እንዲህ አይበሉ። ሰዉ እኮ አልሰማም።

ይመናሹ፦ ከሆስፒታል ደወልኩልህ። «አስከሬኑን በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውሰዱት፤ ለዘጠኝ ሰዓት እድርተኛው እዚያ ይጠብቅዎታል» አልከኝ። ደረስን። የጠበቀን ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም መንገድ የጠፋብን መስሎት።

ሱራፌል፦ አውቃለሁ።

ይመናሹ፦ አታውቅም። ሣጥኑን የተሸከሙት ሁለቱ ወንድሞቼና በር ላይ ኮብልስቶን ሲያነጥፉ የነበሩ ልጆች ናቸው። መዶሻቸውን ጥለው መጡ። አንዱ ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ ስማቸው ማን ነበር?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሬሳ ሲሸከም የኖረ ሰው፣ ስሙን በማያውቁት ትከሻ ሄደ።

ሱራፌል፦ እኔስ የመጣሁት ይህ እንዴት እንደሆነ ላስረዳዎት አይደል?

ይመናሹ፦ እሺ የኛ ኢንጂነር፣ አስረዳኝ። ቀስ ብለህ ታዲያ፤ እኔ የስልኬን ድምፅ የማጠፋው እንኳ ሰው አሳይቶኝ ነው።

ሱራፌል፦ ስክሪፕት የሚባል አለ። ለኮምፒውተሩ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ይህን አድርግ ብለን ትእዛዙን በተራ የምንጽፍበት ነው። የእኔ ስክሪፕት የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ተቀብሎ መጀመሪያ አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ኔትወርክ ሲመጣ ከዚያ አንስቶ ለእድርተኛው ሁሉ ይልካል።

ይመናሹ፦ እንደ ማቆያ።

ሱራፌል፦ እንደ ማቆያ። ተልኮ ሲያልቅ ስለሚጠፋ ፋይሉን «ጊዜያዊ» ብዬ ሰየምኩት።

ይመናሹ፦ ሌላ ሰው ሲሞትስ?

ሱራፌል፦ እሱም «ጊዜያዊ»።

ይመናሹ፦ እኔ ብሞት?

ሱራፌል፦ እ… እርስዎም። የዚያን ዕለት እኔ በጠዋት ከእድሩ ቢሮ ሆኜ የጋሽ ንጋቱን ጻፍኩ። ኔትወርክ አልነበረም፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ የሊቀመንበሩ ወንድም፣ አቶ ካሳዬ፣ ማረፋቸው ተሰማና ጸሐፊው በዚያው ኮምፒውተር የእሳቸውን ጻፈ። የፋይሉ ስም አንድ ስለሆነ የኋለኛው የፊተኛውን ደመሰሰው።

ይመናሹ፦ ባሌ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ካሳዬን ጨመራችሁበት በለኛ። ደግሞ ከላይ።

ሱራፌል፦ በአንድ ቀን ሁለት ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።

ይመናሹ፦ እድር ውስጥ? ሞት እንደ ታክሲ ወረፋ ይዞ የሚመጣ መሰለህ?

ሱራፌል፦ አስተካክዬዋለሁ እኮ አሁን። ኮምፒውተሩ ራሱ ለእያንዳንዱ የማይደገም ስም ያወጣል። ፊደልና ቁጥር ደባልቆ ይሰይማል፤ በዚያ ስም ሌላ ፋይል ካለ ይተወውና አዲስ ይፈጥራል። ሁለተኛ ማንም ማንንም አይደመስስም።

ይመናሹ፦ ይህን ለመሥራት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?

ሱራፌል፦ ብዙም አይደል። አንድ መስመር ናት።

ይመናሹ፦ አንድ መስመር።

ሱራፌል፦ ትእዛዙ ድሮም ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ ያልተጠቀምኩበት።

ይመናሹ፦ ንጋቱ እኮ ነው የተሟገተልህ። ሽማግሌዎቹ «ጥሩምባችንን አትንኩብን» ሲሉ «ይህ ልጅ እጃችን ላይ ያደገ ነው፣ አያሳፍረንም» ብሎ ቆመ። ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ተኳረፈልህ። መጀመሪያ ያሳፈርከው እሱኑ ሆነ?

ሱራፌል፦ ያልቅሱብኝ፣ ይርገሙኝ፣ ይገባኛል። ሰዉን ግን አይቀየሙ። ምንም አላወቁም እኮ። እንዲያውም የሁለቱም የመላኪያ ትእዛዝ እየጠበቀ ስለነበር፣ ኔትወርክ ሲመጣ ማሽኑ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ከዚያው ፋይል ስላነሳ የአቶ ካሳዬ መልእክት ለሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የደረሰው።

ይመናሹ፦ ሁለቴ? ታዲያ አንድም ሰው ምንድን ነው ይህ አላለም?

ሱራፌል፦ የሊቀመንበሩ ወንድም ስለሆኑ ለክብራቸው የተደገመ መሰላቸው። ቀብሩ ላይ ስልክ ለስልክ እየተያዩ «ለትልቅ ሰው ሁለቴ ነው አሉ» ሲባባሉ፣ ሳቅ ሁሉ ያመለጠው ሰው ነበር።

ይመናሹ፦ ማን ሳቀ?

ሱራፌል፦ እነ… ከኋላ የቆሙት።

ይመናሹ፦ ሱራፌል።

ሱራፌል፦ አቤት።

ይመናሹ፦ በስልክ ለቅሶ ስትደርሰኝ «መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ከለከሉኝ፣ ቀብር አልመጣም» ብለኸኝ ነበር።

ሱራፌል፦ ጠዋት ከልክለውኝ ነበር። ኋላ ሊቀመንበሩ ራሱ ደወለ… እምቢ ማለት ከበደኝ።

ይመናሹ፦ ያንተስ ስልክ? ሁለቴ ደረሰው?

ሱራፌል፦ ደረሰው።

ይመናሹ፦ የንጋቱን ስም በገዛ እጅህ ጽፈሃል። ያኔ ምን እንደሆነ አልገባህም?

ሱራፌል፦ ወዲያው ገባኝ።

ይመናሹ፦ የካሳዬ ቀብር በስንት ሰዓት ነበር?

ሱራፌል፦ በስድስት።

ይመናሹ፦ የኛ በዘጠኝ። እድሩ በሙሉ ፊትህ ቆሞ ነበር ማለት ነው። እኔ ገና ሆስፒታል በር ላይ መኪና እየጠበቅሁ ነው። አንድ ጊዜ አፍህን ብትከፍት ሁሉም ይመጡልኝ ነበር።

ሱራፌል፦ ሊቀመንበሩ እያለቀሰ… ማሽኑ አይሳሳትም ብዬ በሕዝብ ፊት ምያለሁ… ቀስ ብዬ ለአንድ ሁለት ሰው እነግራለሁ ስል፣ አፈር ሲለብስ፣ ሰው ሲበተን… አፈርኩ እትዬ። አፈርኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይመናሹ፦ እኔ ደግሞ እነሱ ለቅሶ ሊደርሱኝ ሲመጡ በር ዘጋሁባቸው። ጥርሴን ነክሼ ከውስጥ ቀረቀርኩ። እማማ ዘውዴን፣ በዚያ ጉልበታቸው ዳገቱን ወጥተው የመጡትን፣ ደጅ አቁሜ መለስኳቸው።

ሱራፌል፦ እትዬ…

ይመናሹ፦ ቆይ። ዛሬ ከዚህ ስነሳ መጀመሪያ እሳቸው ቤት ነው የምሄደው።

ሱራፌል፦ እንግዲያ ከእድሩ አይወጡም? እሑድ ይናገሩልኛል?

ይመናሹ፦ አልወጣም። የምናገረውም የለኝ። እኔ ከፊት ወንበር ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ፤ ካሳዬ ቀብር ላይ የዋጥካትን ቃል እሑድ ቆመህ የምትናገራት አንተ ነህ።