ሶስት ዜሮ፣ አንድ ጭስ

የተከበራችሁ የሟች ቤተሰቦች። ልጇ፣ እህቶቿ፣ የልጅ ልጇ። የተከበራችሁ ጎረቤቶችና የስራ ባልደረቦች። ክቡራን የሶስቱ ከተሞች ከንቲባዎች። ፀሐዩን ችላችሁ ስለቆማችሁ አመሰግናለሁ። አሳጥራለሁ ብዬ ለልጇ ቃል ገብቻለሁ። ቃሌን መጠበቄን እንጃ።

ዛሬ የያዘኝ ሀዘን ብቻ አይደለም፤ ንዴትም አለበት። ስገባ የአበባ ጉንጉኖቹን አነበብኩ። ሶስት ናቸው። የላይኛው ከተማ «የከተማችን ልጅ» ብሏል። የመሃሉ ከተማ «የከተማችን ኩራት» ብሏል። የታችኛው ከተማ ሪባኑ ተርፎት ነው መሰለኝ፣ «የከተማችን እናት፣ እህት፣ መሐንዲስ» ብሎ ጨምሯል።

ዛሬ ሁላችሁም የኛ ናት አላችሁ። በህይወት እያለች የማን ነበረች?

ከሩቅ የመጣችሁ ስላላችሁ ልንገራችሁ። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ተደራርበን የምንኖር ሶስት ከተሞች ነን። ከተሞቹ ወደ አየር የሚለቁትን ካርቦን ቀንሰው፣ የቀረውንም በዛፍና በአፈር መልሰው ይዘው፣ ሂሳባቸውን ዜሮ ለማድረግ ማሉ። ለዚህ የጋራ ቢሮ አቋቋሙ። እሷ የቢሮው መሐንዲስ ሆነች። እኔ ከፊት ለፊቷ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ቢሮው የጋራ ሆነ። ቆጠራው ግን በየግል ቀረ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ጭስ ያስቆጥረናል፤ ከወሰኑ ያለፈውን አያስቆጥርም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስብሰባ በተቀመጠች ቁጥር ጭስ፣ ጭስ ስለምትል «እትዬ ጭስ» አሏት። ለስድብ ነበር። ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ጭስ ነኝ» ማለት ስትጀምር ስድቡ በእጃቸው ላይ ቀዘቀዘ።

የላይኛው ከተማ «ከሶስቱ ቀድሜ ዜሮ ገባሁ» ብሎ የደገሰ ቀን እዚያ የነበራችሁ አላችሁ። አዳራሹ በፊኛ ተሞልቷል። ከመድረኩ በላይ በትልቁ «0» ተሰቅሏል። የቆሻሻ መጣያቸውን ዘግተው ሳር አልብሰውታል፤ ፎቶው ያምራል። ሁሉም አጨበጨበ። እሷ እጇን አወጣች።

«ክቡር ከንቲባ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ቆሻሻው ግን ወዴት ሄደ?»

«ከወሰን ውጭ ሆኗል፣ እትዬ።»

«ከወሰን ውጭ የሚባለው የት ሰፈር ነው?»

ሰው ሳቀ። ከንቲባውም ሳቁ። እርስዎም ስቀዋል፣ ክቡርነትዎ፤ አስታውሳለሁ። እሷ አልሳቀችም። ቆሻሻው በናፍጣ መኪና ተጭኖ፣ የመሃሉን ከተማ አቋርጦ፣ ታችኛው ከተማ ይወርዳል። እዚያ ሜዳ ላይ ይቃጠላል። ጭሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሸለቆውን ይዞ ሽቅብ ይመለሳል። በፊኛው አዳራሽ መስኮት በኩል ይገባል። ታችኛው ከተማም ቢሆን ዝም አላለም። «የኛ ቆሻሻ አይደለም» ብሎ ያንን ጭስ ከቆጠራው አወጣው። መጀመሪያ ያመነጨው አልቆጠረው፣ የሚያቃጥለው አልቆጠረው፣ የሚያሳልፈው አልቆጠረው። የማንም ያልሆነ ጭስ። የሰው ሳንባ ውስጥ ግን ባለቤት አላጣም።

ይሄ ውሸት ነው ወይስ ሂሳብ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ትክክል ነበር። አንዳንዴ ቤቴ ቁጭ ብዬ ይሄ ነገር ያስፈራኛል። ማንም ሳይዋሽ ሁላችንም ልንዋሽ መቻላችን።

አውቶቡሱንም ታውቁታላችሁ። አብዛኞቻችሁ ተሳፍራችሁበታል፤ አብዛኞቻችሁ ድልድዩ ጋ ወርዳችኋል። የላይኛው ከተማ አውቶቡስ ወሰኑ ላይ ባለው ድልድይ ጫፍ ይቆማል። ተሳፋሪው ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ይሻገራል። ማዶ የመሃሉ ከተማ አውቶቡስ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ግማሽ ባዶ ናቸው። ስለዚህ ሰዉ ምን አደረገ? አቅም ያለው የራሱን መኪና አስነሳ።

አንድ ቀን አልወርድም አለች። አብሬአት ነበርኩ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተደላድላ ተቀመጠች።

«እትዬ ጭስ፣ ኧረ በእናትዎ» አለ ሾፌሩ። «ጎማዬ ድልድዩን ረገጠ ማለት እኔ ከስራ ወረድኩ ማለት ነው።»

«አንተ አትርገጠው። ጎማው ይሂድ።»

«ጎማው ብቻውን ይሄዳል እንዴ?»

ከኋላ ትልቅ ቁም ሳጥን ይዞ የተሳፈረ አናጢ ነበር። «ወንድሜ፣ እኔም አልወርድም» አለ። «ይሄን ሳጥን ተሸክሜ ከምሻገር እዚሁ ውስጡ ገብቼ ልኑር።» አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ማንም አልወረደም። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፋ፤ ከዚያ «በቃ፣ እኔንም ከናንተ ጋር ቁጠሩኝ» ብሎ ነዳው። ተሻገርን። ሰው አጨበጨበ። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ፊቷ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።

የመሃሉን ከተማ አልፈን ታችኛው ከተማ ስንደርስ ባትሪው አለቀ። አውቶቡሱ በመብራት የሚሄድ ነው፤ የሶስቱም ከተሞች አዳዲስ አውቶቡሶች በመብራት ነው የሚሄዱት። ቻርጅ ማድረጊያው ፊት ለፊታችን ቆሟል። ሾፌሩ ገመዱን ሳበ። መሰኪያው አልገባም። አገላበጠው። አልገባም።

በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። ሶስቱ ከተሞች ለየብቻ ገዝተው ነው። ደግሞም አውቀው ነው፤ የጎረቤት አውቶቡስ መጥቶ በኛ መብራት እንዳይሞላ ብለው መሰኪያውን ለያይተው አዘዙ። ይሄንን ያሰቡ ሰዎች የተማሩ ናቸው። ስብሰባ ተቀምጠው፣ ሻይ ጠጥተው፣ አጀንዳ ይዘው ነው ያሰቡት።

አውቶቡሱን ያወጣው የናፍጣ መኪና ነው። ጥቁር ጭስ እየተፋ ጎትቶ መለሰው። እሷ መንገዱ ዳር ቆማ ስታይ ቆየችና «ይሄኛውስ በማን ይቆጠራል?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስምምነቱን አረቀቀች። ነገሩ ቀላል ነበር። የሸለቆው ጭስ እንደ አንድ ይቆጠር። አውቶቡሱ ሳይቆም ከላይ እስከ ታች ይሂድ፤ መሰኪያውም አንድ ዓይነት ይሁን። ቆሻሻው በአንድ ቦታ ይለይ፤ ከሚበሰብሰው የሚወጣው ጋዝ ተይዞ መብራት ይሁን። አንዱ ያለው ቦታ ነው፣ አንዱ ያለው ባለሙያ ነው፣ አንዱ ያለው ተራራ ሙሉ ዛፍ ነው። ለብቻ ማንም አይችለውም። አንድ ላይ ግን ይቻል ነበር። ይቻላል።

የፊርማው ቀን መጣ። ሶስቱ ከንቲባዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። እስክሪብቶው መሃል ላይ ተቀመጠ።

«ይቅደሙ» አሉ የላይኛው።

«ኧረ ምን ሲደረግ! እርስዎ ይቅደሙ፤ በእድሜም ይበልጡኛል» አሉ የመሃሉ።

«በእንግድነት ግን እሳቸው ይቀድማሉ» አሉ የላይኛው፣ ወደ ታችኛው እያመለከቱ።

«ኧረ በጭራሽ! ይቅደሙ።»

ይቅደሙ፣ ይቅደሙ፣ ይቅደሙ። በር ላይ ቢሆን ያምርበት ነበር። ጨዋነት መስሎኝ መጀመሪያ ፈገግ አልኩ። ቆይቼ ገባኝ። የፈረመ ጭሱን ተቀበለ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የፈረመ ብቻውን ሊቀር ይችላል። ክብር ሰጥተው ተሸሻሹ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ተቃቅፈው ተለያዩ። እስክሪብቶው ክዳኑ ሳይነሳ ቀረ።

እሷ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው መለሰች። ያን ቀን ቁጣዋን ብትወጣብን ደስ ይለኝ ነበር።

ሳል የጀመራት ከዚያ በፊት ነው። ሐኪሞቹ ሳንባ አሉ። ምክንያቱን እኔ አልናገርም፤ ሐኪም አይደለሁም። ሆስፒታል ስጠይቃት ልጇ ትራሱን እያስተካከለችላት ነበር። አፏ ላይ ያለውን የኦክስጅን ጭምብል ገለጥ አድርጋ «ፈረሙ?» አለችኝ።

«እማ፣ አሁን እንኳ ተይው» አለች ልጇ።

«ምኑን ነው የምተወው? ያንቺ ልጅ እዚያ ታች አይደለም እንዴ የምታድረው? መስኮት ዝጊ እያልሽ እስከ መቼ ታሳድጊያታለሽ?»

የልጅ ልጇ አጠገባችን ነበረች። እናንተም ታዩዋታላችሁ፤ ያቺ ናት፣ የአክስቷን እጅ የያዘችው። አሁንም እያሳላት ነው። አድምጧት። ከዚያ ዞር ብላችሁ ወደ ታች እዩ። ከመቃብሩ አጥር ባሻገር የሚነሳው ጭስ ይታያችኋል? ዛሬም አላረፈም። ሐዘናችንን እንኳ አላከበረም።

ክቡራን ከንቲባዎች። ድልድዩን በስሟ ልትሰይሙ እንደምትነጋገሩ ሰምቻለሁ። በየትኛው በኩል ያለው ጫፍ ይሰየም በሚለው እንደተጣላችሁም ሰምቻለሁ። ተዉት። እባካችሁ ተዉት። ያንን ድልድይ እየረገመች ነው በእግሯ ያቋረጠችው።

እኛ ቢሮው ውስጥ የቀረነው ትናንት ተሰብስበን ነበር። አንድ ነገር ወስነናል፤ እዚህ እንድናገረው የላኩኝ እነሱ ናቸው። የምንቆጥረው እኛ ነን። ለመቁጠር ፊርማ አያስፈልግም። ከሰኞ ጀምሮ የሶስቱን ከተሞች ጭስ እንደ አንድ እንቆጥራለን። የተጫነውን፣ የተቃጠለውን፣ የተጎተተውን። «ከወሰን ውጭ» የሚለውን መስመር ሰርዘነዋል። የሚወጣው አንድ ቁጥር ነው። ከስሩ የሶስታችሁም ስም ይጻፋል፤ በየከተማው አደባባይም ይለጠፋል። ያ ቁጥር ዜሮ አይደለም። ዜሮ አጠገብም አልደረሰም። ህዝቡ ይየውና ለምን እንዳልፈረማችሁ እሱ ይጠይቃችሁ።

ልታባርሩን ትችላላችሁ። መብታችሁ ነው። እኔ የምፈራ ሰው ነኝ፤ ቤቴም ልጆች አሉ። ነገር ግን ሌላ ውሸት በትክክለኛ ቁጥር ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሏል።

እህቴ። ካንቺ ጋር እዚህ ድረስ ነው የመጣነው። ጠረጴዛሽን ለማንም አንሰጥም ብዬ አልዋሽሽም፤ እንሰጣለን፤ አንዲት ወጣት መሐንዲስ እንፈልጋለን፣ እንዳንቺ ነገረኛ የሆነች። ሰዉ ይናፍቅሻል። ሾፌሩ መጥቷል፤ ከኋላ ቆሞ ያለቅሳል። አናጢውም መጥቷል፤ የተኛሽበትን ሳጥን የሰራው እሱ ነው።

ደክሞሻል፣ እረፊ። ስንከራከር ብትሰሚን እንኳ አትነሺ፤ ክርክሩን ለኛ ተይው። ደህና ሁኚ፣ የኔ እህት። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ይከፈታል።