ለእናቱ የሚያዝን ሰው

«ውይ፣ ዛሬስ ፀሐይዋ እንዴት ደስ ትላለች! አየሽ ሚጣዬ? መስኮቱ ድረስ መጥታ ‹ሚጣ ተነሳች ወይ?› ስትል... ተነሳሁ በያት። ጡጦዬን ጨርሼ፣ አግስቼ፣ ቅባቴን እየተቀባሁ ነው በያት።»

አማትየዋ የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው እግሯን ያሻሉ። በሶፋው ሌላኛው ጫፍ ላይ ልጃቸው፣ የሚጣ አባት፣ ስልኩን ይዞ ተጋድሟል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ምራታቸው ወጥ ቤት ቆማ ጡጦ ታጥባለች፤ በሩ ገርበብ ስላለ ሁሉም ይሰማታል።

ምራትየዋ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። መስታወቱን እየሞረደች ከፍሬሙ ጋር ታገጣጥማለች፤ ከጥፍሯ ሥር ነጭ ብናኝ አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ስትማር አባቷ ታመሙና አቋርጣ ሥራ ያዘች። ከሥራው በኋላ ትዳር መጣ፣ ከትዳሩ በኋላ ሚጣ። አማቷ ልጅ ሊይዙላት ሲመጡ ነው ደፍራ ተመልሳ የተመዘገበችው፤ ቅዳሜና እሑድ ትማራለች።

ትናንት ታዲያ ከራት በኋላ መኝታ ቤት ውስጥ ባሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ እኮ አርጅታለች፤ ልጅ መያዙ ከብዷታል። አፍ አውጥታ ስለማትናገር ነው እንጂ... ለጊዜው ብትተዪውስ?» አላት። መብራቱን አጥፍታ ተኛች። ሲነጋ ግን ወስና ነበር፤ ዛሬ የምትሄደው ክፍል ለመግባት ሳይሆን ሬጅስትራር ቢሮ ገብታ ለማቋረጥ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«ትምህርትን የመሰለ ምን አለ ሚጣዬ?» አሉ አማትየዋ። «የተማረ ሰው እኮ ቤት ውስጥ ቁጭ ሲል እንኳ ያስታውቃል። ሐሳቡ ሩቅ ነዋ! እኛ ሐሳባችን ቅርብ ስለሆነ ሳህን እናነሳለን፣ ወለል እንጠርጋለን... የተማረ ሰው ግን ሻይ የጠጣበትን ኩባያ ባለበት ትቶት ይነሳል። ኩባያ ደግሞ ማን ያያል? ትንሽ ነገር!»

የምራትየዋ እጅ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። ስታጠና የጠጣችበት ኩባያ ጠረጴዛው ላይ፣ መጽሐፏ አጠገብ እንዳለ ነው። ‹መጣልሽ!› አለች በልቧ። እስከ ዛሬም ዝም ማለታቸው ነው የሚገርመው። ባሏ እውነቱን ነበር ማለት ነው፤ አንጀታቸው ቆስሏል።

«ድካሙስ ብትዪ! እኛ ደከመን የምንለው ምን ሠርተን ነው? የሱ ድካም የጭንቅላት ነው። የጭንቅላት ድካም ደግሞ ጋደም ካላሉለት አይለቅም... ጠዋት ጋደም፣ ከሰዓት ጋደም። ፂሙን ሲላጭ እንኳ እንዴት ያለ ትካዜ ውስጥ እንደሚገባ! የላጨውን ሁሉ መታጠቢያው ላይ በትኖት ይወጣል። ምን ያድርግ? ሐሳቡ ሩቅ ነዋ የኔ እናት!»

ምራትየዋ ጡጦውን ከነአረፋው ይዛ ቀረች። ፂም?

አንገቷን አስግጋ በበሩ ክፍተት አየች። የባሏ አውራ ጣት ስልኩ ላይ ቆሟል።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ... ስሙ ምን ያደርግልሻል? ብቻ ጨዋ ነው። እናቱን ሲወድ! እናቱ ገና ሳይደክማት ድካሟ እሱን ይሰማዋል። እሷ ‹ደህና ነኝ› ትላለች፣ እሱ ‹አርጅታለች› ይላል። ጉልበቷ ሲንቋቋ ከሷ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስንት እናት ታገኛለች? መኝታ ቤቱ ገብቶ እንኳ የሚያወራው ስለ እናቱ ነው። ያሁን ቤት ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው ሚጣዬ... እናትየዋ ከግድግዳው ወዲህ ጋደም ብላ ፍቅሩን ስትሰማ ታመሻለች።»

ስልኩ ደረቱ ላይ ተደፋ። አማትየዋ ወደዚያ ዞር አላሉም፤ የሚጣን ጣቶች አንድ በአንድ እየሳቡ ቀጠሉ።

«ታዲያ እናቱን ለማሳረፍ ምን ዘየደ መሰለሽ? ልጁን ራሱ ያዘ እንዳትዪኝ ብቻ! በምን እጁ? እጁ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል? ስልኩን እኮ እንደ አራስ ልጅ ነው የሚያቅፋት። አንገቷን ደግፎ፣ ደረቱ ላይ አስተኝቶ... ሌሊት ትንሽ እንኳ ካቃሰተች ዘሎ ነው የሚነሳላት! አንጀት ማለት ይሄ ነው። እና እጅ ስላጠረው ሚስቱን ከትምህርቷ ሊያስቀር አሰበ። አየሽልኝ ብልሃቱን? እናትየዋ እንድታርፍ ሚስትየዋ ትቅር... እሱ ደግሞ በመሀል ይረፍ።»

ምራትየዋ ቧንቧውን ዘጋች። አሁን አንዲትም ቃል እንድታመልጣት አልፈለገችም።

«እሱማ ሲማር! ቤቱ በሙሉ በጣት ጫፍ ነበር የሚሄደው። ሬዲዮ ይዘጋ፣ እንግዳ አይምጣ፣ ልጁ ያጠናል! እህቱ ሸሚዙን ስትተኩስ፣ እኔ ሻይ... ምን እላለሁ እኔ፣ እናቱ! እናቱ ሻይ ስታመላልስ። ያኔ ማንም አላረጀም ነበር ሚጣዬ። እርጅና ቤቱን ያወቀው አሁን ነው፤ ሴቲቱ ደብተር ስትይዝ...»

ባልየው ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ። ከወንበር ላይ ጃኬቱን አነሳ።

«ምነው፣ ሰው ከገዛ የልጅ ልጁ ጋር ማውራት አይችልም እንዴ? እኛ የምናወራው ስለማናውቀው ሰው ነው አይደል ሚጣዬ? የሚያውቀው ካለ ይቆጣ!»

ጃኬቱን እንዳንጠለጠለ መሀል ቤት ቆመ። መውጣት ‹እኔ ነኝ› ማለት ሊሆንበት ነው፤ መቀመጥም አልሆነለትም።

«ሚስቱስ ብትዪ! ለስንቱ ሰው ዓይን የምትሆን ልጅ መሰለችሽ። እሷ ባስተካከለችው መነጽር ከመንገድ ማዶ ያለ ጽሑፍ የሚያነብ ስንት አለ! ቤቷ ያለው ሰው ግን ተመስገን ነው፣ ዓይኑ ጤነኛ ነው... ሩቅ ሩቁን አጥርቶ ያያል። አጠገቡ ያለው ብቻ ነው የሚሰወርበት። ለሱ የሚሆን መነጽር ገና አልተሠራም መሰለኝ።»

ምራትየዋ እጇን በጨርቅ አደራርቃ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሳሎን ገባች። ጠረጴዛው ላይ ትታው ልትሄድ የነበረውን መጽሐፍ አንስታ ከተተችው። ባሏ ሲያያት ዓይኑን ሰበረ።

«ሚጣዬ፣ አስተማሪ እንደ አያት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም አሉ...» አሉ አማትየዋ ቀና ሳይሉ። «እኔ እንደሆንኩ ጉልበቴ ደህና ነው። ቢያመኝ የምናገርበት አፍ አለኝ፤ ምስጋና ይግባውና አፌ እንኳ አላረጀም።»

ምራትየዋ ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመች፤ ጠበቅ አድርጋ። ከዚያ የሚጣን ግንባር። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። ሬጅስትራር ቢሮው ዛሬ ሳያያት ሊውል ነው።

በሩን ከፍታ ሳትወጣ ዘወር አለች። ባሏ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ መልሶ ጥሎታል። ጆሮው ድረስ ቀልቶ እናቱ ፊት ቆመ፤ ሁለት እጁን ዘረጋ። እናቱ ጥቂት አዩትና ልጅቱን አቀበሉት። ሚጣ አባቷ ክንድ ላይ እግሯን እያወራጨች የሸሚዙን ቁልፍ ለመያዝ ታገለች። እሱም እፎይ አለ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎታል።

አማትየዋ ብድግ ብለው የሚጣን ኮፍያ አስተካከሉ። ፊታቸው በፈገግታ በራ።

«እደጊልኝ የኔ እመቤት! እንደ እናትሽ ልበ ብርቱ ያድርግሽ። እንደሷ ተማሪ፣ እንደሷ ሥራ ያዢ፣ እንደሷ ውለጂ... ጊዜው ሲደርስ ደግሞ፣ ቁርጥ አባትሽን የመሰለ ባል ይስጥሽ! ውይ፣ ለካ ገና አፍ አልፈታሽም... ግድ የለም፤ አሜን አባትሽ ይበልልሽ።»